ዴንማርክኛ በአይስላንዳውያን ዘንድ የነበረውን ቦታ እንዴት መርምሮ መጻፍ ይቻላል?

ስለ አይስላንድና ስለ ዴንማርክ ቋንቋ ግንኙነት ለመጻፍ ወይም ለማስተማር የሚነሣ ሰው፣ ገና ሥራውን ሳይጀምር አንድ አጭር ታሪክ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ታሪኩም ትንሽ ሕዝብ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ በባዕድ ዘውድ ሥር ኖሮ፣ ቋንቋውን ግን ሳያስደፍር ነጻ ወጣ የሚል ነው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ላይ ላዩን ስለሚሄድ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ዴንማርክኛ አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። በየዘመኑ ማን፣ ለማን፣ በየትኛው ቦታና ለየትኛው ጉዳይ ይጠቀምበት እንደነበር መጠየቅ ግን ሰነዶቹን ያናግራቸዋል።

እነዚህን አራት ጥያቄዎች በሚያነቡት ሰነድ ሁሉ ኅዳግ ላይ እየጻፉ ቢሄዱ፣ እኔ የደረስኩበትን ድምዳሜ ራስዎ መፈተን ይችላሉ። በእኔ እምነት ዴንማርክኛ በአይስላንድ የጽሕፈት ጠረጴዛና የመደብር ቋንቋ ሆኖ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያንና የምድጃ ዳር ቋንቋ ግን ሆኖ አያውቅም። የቀረው ታሪክ በአብዛኛው ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ስሙን አስቀድመው ያጥሩ

ጀማሪ ተመራማሪን የሚያሰናክለው የመጀመሪያው ድንጋይ «ዴንማርካዊ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በመካከለኛው ዘመን አይስላንዳውያን በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ «ዶንስክ ቱንጋ» የሚል ሐረግ ይገኛል፤ ቃል በቃል «የዴንማርክ ልሳን» ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ዴንማርክኛ ያን ጊዜም በደሴቲቱ ይነገር ነበር ብሎ ቢደመድም ፈጽሞ ይሳሳታል። ሐረጉ የዴንማርክ፣ የኖርዌይ፣ የስዊድንና የአይስላንድ ሰዎች ያን ጊዜ እርስ በርስ የሚግባቡበትን የጋራ የሰሜን ቋንቋ የሚያመለክት ስም ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖርዌይ ነገሥታትን ታሪክ የጻፈው ስኖሪ ስቱርሉሶን በመቅድሙ ሐረጉን የሚጠቀምበት በዚሁ ትርጉም ነው። አይስላንዳዊው የገዛ አፍ መፍቻውን «የዴንማርክ ልሳን» ብሎ የጠራበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ወደ 19ኛው መቶ ዓመት ጋዜጦች ሲመጡ ደግሞ ሌላ ትርጉም ያጋጥማል። አንዲት ሴት «በዴንማርክ ልብስ» ታየች ተብሎ ሲጻፍ፣ ከዴንማርክ የመጣ ልብስ ለበሰች ለማለት ላይሆን ይችላል፤ የአገሩን ባህላዊ ቀሚስ ትታ እንደ ከተማ ሰው ለበሰች ለማለት ነው። «ዴንማርካዊ» የሚለው ቃል ከተሜነትንና ዘመናዊነትን፣ አንዳንድ ጊዜም የላይኛውን መደብ ኩራት ይሸከም ነበር። ስለዚህ ቃሉን ባገኙ ቁጥር ስለ ቋንቋ፣ ስለ መንግሥት ወይስ ስለ አኗኗር እንደሚናገር ለይተው ይመዝግቡ። ይህን ሳያደርጉ የሰበሰቡት ማስረጃ ኋላ ላይ እንደገና መበራየቱ አይቀርም።

የዘውዱን ታሪክና የቋንቋውን ታሪክ ለየብቻ ይጻፉ

ሁለት ዓምድ ያለው ገጽ ያዘጋጁ። በግራው ዓምድ የመንግሥት ለውጦች ይገባሉ። አይስላንዳውያን ከ1262 እስከ 1264 ባሉት ዓመታት ለኖርዌይ ንጉሥ ገበሩ፤ በ1380 የኖርዌይና የዴንማርክ ዘውድ በአንድ ራስ ላይ ሲያርፍ አይስላንድም አብራ ሄደች፤ በ1814 ኖርዌይ ለስዊድን ስትሰጥ አይስላንድ፣ ፋሮና ግሪንላንድ ከዴንማርክ ጋር ቀሩ። በ1874 ሕገ መንግሥት፣ በ1904 የውስጥ አስተዳደር፣ በ1918 በአንድ ንጉሥ ሥር የሆነ ሉዓላዊነት መጣ፤ በ1944 ሰኔ ወር ሪፐብሊክ ታወጀ።

የቀኙን ዓምድ ሲሞሉ ግን ዓመታቱ ከግራው ጋር እንደማይገጥሙ ያያሉ። የ1380 ለውጥ በአይስላንድ ገበሬ አንደበት ላይ ያመጣው ነገር ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ዳኞች ከ1281 ጀምሮ ሲፈርዱበት የኖሩት «ዮንስቦክ» የተባለው የሕግ መጽሐፍ በአይስላንድኛ የተጻፈ ነበር፤ የዘውዱ መለወጥም ከእጃቸው አላስጣለውም። የቋንቋው ዓምድ እውነተኛ መዞሪያዎች የሚገኙት በቤተ ክርስቲያን፣ በንግድ፣ በማተሚያ ቤትና በትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ይጀምሩ

ጊዜዎ አጭር ከሆነና አንድ ነገር ብቻ ማጥናት የሚችሉ ከሆነ፣ የ16ኛውን መቶ ዓመት የሃይማኖት ተሐድሶ ያጥኑ። ዴንማርክ የሉተርን ትምህርት የመንግሥት ሃይማኖት ባደረገች ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ላቲንን ትታ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ልትሰብክ ሆነ። በኖርዌይና በፋሮ ደሴቶች የመጣው መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር መጽሐፍ በዴንማርክኛ ነበር። ሕዝቡ ያንን እያነበበና እየዘመረ ኖሮ የጽሕፈት ቋንቋው ዴንማርክኛ ሆነ። በፋሮ የቤቱ ቋንቋ በአፍ ብቻ ሲኖር ቆይቶ፣ ዛሬ የሚጻፍበትን ሥርዓት ያገኘው በ1846 ነው፤ የደሴቶቹ ዋና ቋንቋ ተብሎ በሕግ የታወቀውም በ1948 ነው።

በአይስላንድ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኦዱር ጎትስካውልክሶን የተባለ ሰው አዲስ ኪዳንን ወደ አይስላንድኛ ተርጉሞ በ1540 በዴንማርክ ከተማ በሮስኪልድ አሳተመው። ትውፊቱ እንደሚለው ኦዱር ሥራውን የጀመረው በስካውልሆልት ጳጳስ ግቢ፣ ካቶሊኩ አለቃው እንዳያይበት ከላሞች በረት ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ በረቱ በከብቶቹ ትንፋሽ ይሞቅም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1550፣ የመጨረሻው የካቶሊክ ጳጳስ ዮን አራሶን ከሁለት ልጆቹ ጋር በዚያው በስካውልሆልት አንገቱ ተቀላ። የሃይማኖት ለውጡ ደም ያፈሰሰና በዴንማርክ ንጉሥ ኃይል የመጣ ሲሆን፣ የሚሰበክበት ቋንቋ ግን የአገሩ ሆኖ ቀጠለ። ጳጳስ ጉድብራንዱር ቶርላውክሶን በ1584 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በሰሜን አይስላንድ፣ በሆላር ማተሚያ ቤት፣ በአይስላንድኛ ባተመ ጊዜ በሩ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለው አንድ ገጽ በቅርብ ቢመለከቱ መልካም ነው፤ አብዛኛው አጭር ታሪክ የሚዘለው ይህንን ነውና። ቋንቋውን አዳኑት የሚባሉት የዚያ ዘመን ሃይማኖታዊ መጻሕፍት ራሳቸው ከዴንማርክኛና ከሰሜን ጀርመንኛ በገቡ ቃላት የተሞሉ ናቸው። «ቀረ» ለማለት «ብሊቫ»፣ «አዘዘ» ለማለት «ቤፋላ» የሚሉ ቃላት ይታያሉ፤ ሁለቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ትኩረት የሚሻው ነጥብ የቋንቋው ንጽሕና ሳይሆን ቦታው ነው። አይስላንድኛ መድረኩን ስለያዘ፣ የተዋሳቸው ቃላት ኋላ ላይ ሊለቀሙ ቻሉ። መድረኩን ያጣ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ቃላቱን የሚለቅምበት ገጽ እንኳ ባልነበረው።

ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛውና ወደ መደብሩ ይሻገሩ

የዴንማርክኛ እውነተኛ ግዛት በሹማምንት ደብዳቤዎችና በነጋዴዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ከ1602 እስከ 1787 ድረስ ከአይስላንድ ጋር መነገድ የተፈቀደው ለዴንማርክ ንጉሥ ባለፈቃዶች ብቻ ነበር። ዓሣና የሱፍ ሥራ ይዞ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው ገበሬ የሚገናኘው ከዴንማርካዊ ነጋዴ ጋር ነው። የዱቄቱ፣ የብረቱና የእንጨቱ ሒሳብ የሚጻፈውም በነጋዴው ቋንቋ ነው። በ1662 የንጉሡ ፍጹም ሥልጣን ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ ከኮፐንሃገን ጋር የሚደረገው የሥራ ደብዳቤ ልውውጥ በዴንማርክኛ ሆነ፤ በዚያ አጻጻፍ የሠለጠነ ሹም በአይስላንድኛ ሲጽፍም ረጅሙንና ውስብስቡን የቢሮ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይመጣ ነበር። በዚህ ምክንያት የ18ኛውን መቶ ዓመት የዳኛ መዝገብ አንብቦ «ሕዝቡ እንዲህ ይናገር ነበር» ማለት ስሕተት ነው። መዝገቡ የሚያሳየው የጸሐፊውን ብዕር ነው።

የሕዝቡን ንግግር ለመገመት አሰፋፈሩን ማየት ይጠቅማል። በ1703 በተደረገው ቆጠራ በደሴቲቱ የተመዘገበው ሕዝብ 50,358 ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተራርቀው በተሠሩ የእርሻ ቤቶች የሚኖር ነበር። በረጅሙ የክረምት ምሽት ሱፍ እየፈተሉና እየሠሩ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ጥንታዊ ታሪኮችን ወይም የጸሎት መጽሐፍ የሚያነብበት ልማድ ነበራቸው። ዴንማርካዊው ነጋዴ እዚያ ምድጃ ዳር አልደረሰም። በ1801 ሬይክያቪክ ራሷ 300 ገደማ ነዋሪ ያላት መንደር ነበረች። ዴንማርክኛ በብርቱ የተሰማው በዚህችና በመሰሏት ጥቂት የንግድ ሰፈሮች ነው።

ሆኖም አደጋው ምናባዊ አልነበረም፤ ይህንን ማሳነስ ለእውነቱ አለመታመን ይሆናል። በ1771 በስካውልሆልት የላቲን ትምህርት ቤት አለቃ የነበረው ብያርኒ ዮንሶን፣ ንጉሡ ለላከው አጣሪ ኮሚሽን አይስላንድኛን ማቆየት ጎጂ መሆኑን ገልጦ ዴንማርክኛ እንዲተካው ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ያቀረበው ዴንማርካዊ ሹም ሳይሆን አይስላንዳዊ መምህር መሆኑን ልብ ይበሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማግኑስ ኬቲልሶን በህራፕሴ ደሴት ማተሚያ ቤት የአይስላንድን የመጀመሪያ መጽሔት ማውጣት ጀመረ፤ የተጻፈውም በዴንማርክኛ ነበር። በ1813 ወደ አይስላንድ የመጣው ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ራስሙስ ራስክ ደግሞ በዚያው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሬይክያቪክ አይስላንድኛ የሚሰማ ሰው እንደማይገኝ፣ ከዚያም ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ከአገሩ ሁሉ እንደሚጠፋ ግምቱን አስፍሯል። ራስክ ግን ተንብዮ ዝም አላለም። በ1816 በሬይክያቪክና በኮፐንሃገን የሚሠራ የአይስላንድ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር እንዲቋቋም ግንባር ቀደም ሆነ። እርሱ ቀጠሮ የሰጠው 1913 ከመድረሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1911፣ በዚያችው ከተማ የአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ።

በዚህ ክፍል ሁለት ቀላል የመመርመሪያ መንገዶችን እመክራለሁ። የመጀመሪያው ስም ማንበብ ነው። አይስላንዳዊ ልማዱ በአባት ስም መጠራት ሲሆን፣ የላይኛው መደብ ግን እንደ ስቴፈንሰንና ቶራረንሰን ያሉ በዴንማርክ ስልት የተበጁ የቤተሰብ ስሞችን ይዞ ይገኛል፤ የሹማምንት ዝርዝር ውስጥ እነዚህን ስሞች መቁጠር የዴንማርክ ባህል የት ድረስ እንደወጣ ያሳያል። በ1925 የወጣ ሕግ አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን ከልክሏል። ሁለተኛው መንገድ የጋዜጣ ማስታወቂያ ማንበብ ነው። «ቲማሪት» በተባለው የአይስላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስብ ውስጥ የቆዩ ጋዜጦች በገጽ በገጽ በነጻ ይነበባሉ። ቋንቋዎቹን ገና የማያውቅ ሰው እንኳ በዓይኑ ብቻ ሊለያቸው ይችላል፤ ዴንማርክኛ እስከ 1948ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ ድረስ ስሞችን ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምር ነበር፤ አይስላንድኛ ደግሞ ዴንማርክኛ ከረጅም ጊዜ በፊት የተወውን «ቶርን» የሚባለውን ጥንታዊ ፊደል ይጠቀማል። የአንድ ዓመት ማስታወቂያዎችን ወስደው የትኛው መደብር በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተዋውቅ ቢመዘግቡ፣ ከብዙ አጠቃላይ መጽሐፍ የበለጠ ይማራሉ።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የሬይክያቪክ ሹም የነበረው ስቴፋን ጉንላውግሶን፣ ለአይስላንድ የንግድ ከተማ የሚስማማው የአይስላንድ ልሳን መሆኑንና ሁሉም ይህን ልብ እንዲል የሚያሳስብ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲያገኙ ከተጻፈው በላይ ያንብቡ፤ ማሳሰብ ያስፈለገው ሌላው ቋንቋ በጎዳናው ላይ ስለሚሰማ ነውና።

ኮፐንሃገንን እንደ አይስላንድ ከተማም ይመልከቱ

እስከ 1911 ድረስ ደሴቲቱ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም፤ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም እስከ 1920 ድረስ የዴንማርክ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር። በመሆኑም የተማረ አይስላንዳዊ ሁሉ ማለት ይቻላል በኮፐንሃገን በኩል አልፏል፤ በዴንማርክኛ ተምሯል፣ በዴንማርክኛ ተፈትኗል። የአይስላንድኛ መነቃቃት የተጠነሰሰው ግን በዚሁ ከተማ ነው። ተማሪዎች ከ1835 ጀምሮ «ፍዮልኒር» የተባለውን መጽሔት ያሳተሙት እዚያ ነው፤ ገጣሚው ዮናስ ሃልግሪምሶን ከዴንማርክኛ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሲተረጉም ለአይስላንድኛ አዳዲስ ቃላት ፈጥሯል። የመጽሔቱ ባልደረባ ኮንራውድ ጊስላሶን በ1851 ያወጣው ትልቅ መዝገበ ቃላት የዴንማርክኛ ቃላትን በአይስላንድኛ የሚፈታ ነበር። የነጻነቱ ትግል መሪ ዮን ሲጉርድሶን አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው በዚያው ከተማ ነው።

ይህንን እንዴት መጻፍ እንደሚገባ ብዙዎች ይቸገራሉ። እኔ የምመክረው ሁለቱን እውነቶች አንዱን በአንዱ ሳይሸፍኑ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ዴንማርክኛ የሥልጣን ቋንቋ ስለነበር ሸክም ነበር፤ ደግሞም ወደ አውሮፓ ሳይንስና ሥነ ጽሑፍ የሚወስድ በር ነበር። ከኮንራውድ መዝገበ ቃላት አንድ ገጽ ቢገልጡ ሁለቱንም በአንድነት ያያሉ። በግራ የቆመው የዴንማርክኛ ቃል ሐሳቡን ያመጣል፤ በቀኝ ያለው አይስላንድኛ ከጥንት መጻሕፍት ተፈልጎ ወይም አዲስ ተበጅቶ ለሐሳቡ ቤት ይሠራለታል። ከ1920 እስከ 1924 የወጣው የሲግፉስ ብሎንዳል ታላቅ መዝገበ ቃላት ደግሞ በተቃራኒው አይስላንድኛን በዴንማርክኛ የሚፈታ ነው፤ ሚስቱ ብዮርግ ቶርላውክሶን ወደ ሃያ ዓመት የለፋችበት ሥራ በመሆኑ ስሟን ሳይጠሩ እንዳያልፉ አደራ እላለሁ። በደሴቲቱ የተወለዱ ደራስያን በዴንማርክኛ መጻፋቸውንም እንደ ክህደት አይቁጠሩት። ጉናር ጉናርሶን በ1907 ወደ ዴንማርክ ሄዶ በዴንማርክኛ ጽፎ በብዙ አገር ተነብቧል፤ በ1939 ወደ አገሩ ተመልሶ በስተርጅና የገዛ ልብ ወለዶቹን ወደ አይስላንድኛ ተርጉሟል።

የተዋሱ ቃላትን በጥንቃቄ ይለዩ

አይስላንዳውያን በንግግር መካከል ጣል የሚደረግን የባዕድ ቃል «ስሌታ» ይሉታል፤ በልብስ ላይ እንደሚፈናጠቅ ጭቃ ያለ ነጠብጣብ ማለት ነው። ከዴንማርክኛ የመጡትን ነጠብጣቦች ለመለየት ሦስት ምልክቶችን ይከተሉ። አንደኛው «ቤ» እና «ፎር» የሚሉ መነሻዎች ናቸው፤ የጥንቱ የሰሜን ቋንቋ እንዲህ ያሉትን ስለማይወድ፣ በእነርሱ የሚጀምር ግስ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ በዴንማርክ በኩል የተጓዘ ነው። ሁለተኛው መጨረሻው ነው፤ ዳቦ ቤት ማለት የሆነው «ባካሪ» እና እርጋታ ማለት የሆነው «ሮሌግሄይት» የዴንማርክኛውን ቅጥያ እንደያዙ የገቡ ናቸው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ተቀናቃኝ ቃል መኖሩ ነው። ለእግረኛ መንገድ «ፎርቶ» የሚለው የዴንማርክ ቃል ይነገር ነበር፤ ዛሬ «ጋንግስቴት» የተባለው አይስላንድኛ አሸንፎታል። ለመጋረጃ ግን «ጋርዲና» የሚለው ውሰት «የመስኮት ድንኳን» ከሚለው የአገር ቃል ጋር አብሮ ይኖራል። ለድንች ደግሞ «የምድር ፖም» የሚል ያማረ ቃል ቢኖርም፣ ከዴንማርክኛ የመጣው «ካርታፍላ» ማዕዱን ወርሶታል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ብዙ «የዴንማርክ» ቃላት መነሻቸው የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች ቋንቋ ስለሆነ፣ ቃሉ በዴንማርክ በኩል መግባቱን እንጂ እዚያ መወለዱን አይጻፉ። ሁለተኛው ወጥመድ አካሉ አይስላንዳዊ፣ አሳቡ ግን የተቀዳ ቃል ነው። «ያርንብራውት» ማለትም የብረት ጎዳና የሚለው ቃል በዴንማርክኛውና በጀርመንኛው አምሳል የተበጀ ነው፤ የሕዝብ ባቡር ኖሯት በማታውቅ አገር ቃሉ መኖሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ይመሰክራል። «ምናልባት» ማለት የሆነው «ካንስኪ» ደግሞ ማንም አይስላንዳዊ በቀን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ቃል ሲሆን፣ የዴንማርክ ውሰት መሆኑን ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። መነሻው እስኪረሳ ድረስ ቃሉ ቤተኛ ሆኗል።

በአፍ የሚነገሩ ትዝታዎችንም ይሰብስቡ። በምዕራብ አይስላንድ ስላለችው የስቲኪስሆልሙር ወደብ፣ ነዋሪዎቿ እሑድ እሑድ ዴንማርክኛ ይናገሩ ነበር የሚል አባባል አለ። ነገሩ ቃል በቃል መወሰድ የለበትም፤ ነገር ግን ዴንማርክኛ እንደ ክት ልብስ መታየቱን ያህል በአጭሩ የሚገልጽ ማስረጃ በመዝገብ ቤት አይገኝም።

ከነጻነት በኋላ ያለውን ዘመን አይርሱ

ብዙ ጽሑፍ በ1944 ይቆማል፤ ይህ ጉድለት ነው። ዴንማርክ በሚያዝያ 1940 በጀርመን ስትያዝ፣ በቀጣዩ ወር የእንግሊዝ ጦር፣ ከዓመት በኋላም የአሜሪካ ጦር አይስላንድ ገባ። ከዚያ ወዲህ በጎዳናው ላይ የሚሰማው የባዕድ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ሆኖም በትምህርት ቤት ዴንማርክኛ እስከ 1999 ድረስ የመጀመሪያው የውጭ ቋንቋ ሆኖ ቆየ፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሥርዓተ ትምህርት ቀዳሚነቱን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። ዛሬም ተማሪዎች በ7ኛ ክፍል ገደማ ጀምረው በግዴታ ይማሩታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ተለውጧል፤ ዴንማርክኛ ለኖርዌይኛና ለስዊድንኛ መክፈቻ ቁልፍ፣ ለኖርዲክ አገሮች ትብብርና ለከፍተኛ ትምህርት መንገድ ነው ይባላል። የደሴቲቱ ሰው ዴንማርክኛን ሲናገር ፊደሉን ሁሉ ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ ዴንማርካውያን ግን የቃሉን መጨረሻ ይውጣሉ፣ ስለዚህ አንዳንዴ ከእነርሱ ይልቅ ኖርዌያዊው ፈጥኖ ይረዳዋል።

የሁለቱን ቋንቋዎች ዝምድና በአንድ ቅጽበት ማሳየት ከፈለጉ 1971ን ይምረጡ። አርኒ ማግኑሶን የተባለው አይስላንዳዊ ሊቅ ሰብስቦ ያቆያቸውና ሌሎችም ጥንታዊ ብራናዎች ለዘመናት በኮፐንሃገን ኖረዋል። ከረጅም ክርክር በኋላ የዴንማርክ ፓርላማ እንዲመለሱ ወሰነ፤ ሚያዝያ 21 ቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብራናዎች በዴንማርክ የባሕር ኃይል መርከብ ሬይክያቪክ ደረሱ፤ ሕዝቡም በወደቡ ተሰልፎ ጠበቀ። የዴንማርክ የትምህርት ሚኒስትር ሄልገ ላርሰን ለአይስላንዳዊው አቻው ለጊልቪ ጊስላሶን ብራናውን ሲያስረክብ የተናገረው በገዛ ቋንቋው ነበር፤ «እንካችሁ፣ የፍላቴ መጽሐፍ» የሚል ትርጉም ያላቸው ጥቂት ቃላት ናቸው። አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም።

በመጨረሻ፣ በሕይወት ካሉ ሰዎች ጋር ለመነጋገር ዕድል ካገኙ፣ «ዴንማርክኛ ታውቃለህ ወይ?» ብለው አይጀምሩ፤ ትሕትና «አላውቅም» ያሰኛቸዋል። በልጅነታቸው በቤታቸው ምን ይነበብ እንደነበር ይጠይቁ። በሃያኛው መቶ ዓመት የዴንማርክ ሳምንታዊ መጽሔቶች ከልብስ ስፌት ጥለትና ከተከታታይ ልብ ወለድ ጋር በየቤቱ ይገቡ ነበር። የዶናልድ ዳክ ሥዕላዊ ታሪክ በአይስላንድኛ መታተም ከመጀመሩ በፊት፣ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ ልጆች የሚያነቡት በዴንማርክኛ ነበር፤ ሥዕሉን እያዩ ቃሉን ይገምታሉ፣ ያልገባቸውን አያታቸውን ይጠይቃሉ። የመጽሔቱን ስም፣ ማን ይገዛው እንደነበር፣ ማን ጮክ ብሎ ያነብ እንደነበርና የትኛውን ቃል እስከ ዛሬ እንደሚያስታውሱ በየተራ ጠይቀው፣ የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር ይመዝግቡ።